ጁልየት ሮሚዮ ሳይሞት ብትነቃስ? የመድረኩና የፊልሙ ፍጻሜ

ጥያቄ

«ሮሚዮ እና ጁልየት»ን በመጀመሪያ ያወቅሁት ከበደ ሚካኤል ወደ አማርኛ በመለሱት በኩል ነበር። ሰሞኑን የሼክስፒርን ድርሰት ከብዙ ዓመታት በኋላ ከዳር እስከ ዳር አነበብሁት፤ በማግስቱም ባዝ ሉርማን ያዘጋጀውንና እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣውን ፊልም ተመለከትሁ። ሁለቱን እንዲህ አከታትዬ በማየቴ አንድ ጥያቄ አእምሮዬ ውስጥ ስለቀረ፣ ከእኔ የተሻለ ያሰባችሁበት እንድትመልሱልኝ አቀርበዋለሁ።

ስለዚህ ፊልም ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው የዘመኑ መለወጥ ነው። ቬሮና «ቬሮና ቢች» የምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ሆናለች፤ የሁለቱ ቤተሰቦች ጎረምሶች በመኪና ይፈነጫሉ፤ ሰይፉም በሽጉጥ ተተክቷል። የሚናገሩት ግን ከአራት መቶ ዓመት በፊት የተጻፈውን ግጥም ነው። በዚህ በኩል ቅሬታ የለኝም። እንዲያውም በመጀመሪያው ጠብ ላይ ቤንቮልዮ ሰይፋቸውን ወደ ሰገባው እንዲመልሱ ሲጮህ፣ ካሜራው ወደ ሽጉጡ ተጠግቶ በብረቱ ላይ የተቀረጸውን «ሰይፍ» የሚል የፋብሪካ ስም ያሳየናል፤ አዘጋጁ ቃሉን ሳይነካ ከችግሩ የወጣበትን ይህን ብልሃት ሳላደንቅ አላልፍም።

ያስቸገረኝ የመቃብሩ ትዕይንት ነው። በተውኔቱ ጁልየት የሚያስተኛ መድኃኒት ጠጥታ መቃብር ውስጥ ተኝታ ሳለ፣ የሞተች የመሰለችው ሮሚዮ መርዙን ጠጥቶ፣ እርሷን ስሞ ይሞታል። እርሷ የምትነቃው ከዚያ በኋላ ነው፤ ዐይኗን ስትገልጥ የምታገኘውም መድኃኒቱን የሰጣትን መነኩሴ አባ ሎረንስን እንጂ በሕይወት ያለ ባሏን አይደለም። በፊልሙ ግን ሮሚዮ ገና እየተሰናበታት ሳለ ጣቶቿ ይንቀሳቀሳሉ፣ ዐይኗ ይገለጣል፣ ፈገግ ትላለች። እርሱ አያያትም። እጇን ዘርግታ ጉንጩን የምትዳስሰው ልክ መርዙ ከከንፈሩ ሲያልፍ ነው፤ ይደነግጣል፣ ዐይን ለዐይን ይተያያሉ፣ ከዚያም እርሷ እያየችው ይሞታል።

ይህ ለውጥ ሐዘኑን ያጠልቀዋል ወይስ ያረክሰዋል? ስመለከተው እንባዬን መግታት አልቻልሁም፤ ጥቂት ቆይቼ ሳስበው ግን የተታለልሁ መሰለኝ።

መልስ 1

ለውጡን የሉርማን ፈጠራ አድርገው የወሰዱት ይመስለኛል፤ ነገሩ ግን እጅግ ያረጀ ነው። ታሪኩ ገና በጣልያን ደራስያን እጅ ሳለ፣ ሉዊጂ ዳ ፖርቶ በጻፈውም ሆነ በኋላ ማቴዮ ባንዴሎ በ1554 ባሳተመው ትረካ ውስጥ፣ ሴቲቱ የምትነቃው ባሏ መርዙን ከጠጣ በኋላ ነፍሱ ሳትወጣ ነው፤ እየተላቀሱም ይነጋገራሉ። ባንዴሎን በ1559 ወደ ፈረንሳይኛ የመለሰው ፒየር ቧስቶ ይህን ስንብት አስቀረው። አርተር ብሩክ ከፈረንሳይኛው ተነሥቶ በ1562 በእንግሊዝኛ ግጥም ሲጽፈው ያንኑ ተከተለ፤ ሼክስፒርም ዋና ምንጩ ያደረገው የብሩክን ግጥም ነበር። እንግዲህ እኛ «ዋናው» የምንለው ፍጻሜ ራሱ በመንገድ ላይ ተለውጦ የደረሰን ነው።

የእንግሊዝ መድረክም ቢሆን በሼክስፒር ፍጻሜ ረክቶ አልኖረም። ቶማስ ኦትዌይ በ1679 ታሪኩን ወደ ጥንታዊት ሮም ወስዶ በጻፈው ተውኔት ሴቲቱን ቀደም አድርጎ አነቃት። ዴቪድ ጋሪክ ደግሞ በ1748 ባቀረበው ቅጂ ለሁለቱ ፍቅረኞች በመቃብሩ ውስጥ ረዘም ያለ ንግግር ጨመረላቸው፤ ይህም ቅጂ ለመቶ ዓመት ያህል ተመልካች ሲያስለቅስ ኖረ። በ1845 ለንደን ላይ የሼክስፒርን ቃል ወደ መድረክ በመመለስ ስሟ የሚነሣው አሜሪካዊቷ ተዋናይ ሻርሎት ኩሽማን ናት። ሮሚዮን ሆና የተጫወተችው ራሷ ስትሆን፣ ጁልየት ደግሞ እኅቷ ነበረች፤ ዛሬ ቢደረግ ስንት ክርክር ያስነሣ እንደነበር አስቡት።

ከእነዚህ ሁሉ የሉርማንን የምመርጥበት ምክንያት አለኝ። በመድረክ ላይ የጣት መንቀሳቀስ ከኋላ ለተቀመጠ ተመልካች አይታይም፤ ስለዚህ ጋሪክ ጁልየት መንቃቷን በቃል ማስነገር ነበረበት፤ ቃል ከተጀመረ ደግሞ እንባው በንግግር ይዘረጋል። ካሜራ ግን አንዲት ጣት ስክሪኑን እንድትሞላ ማድረግ ይችላል። ሮሚዮ ያላየውን እኛ አይተን፣ ልንነግረው እየፈለግን አፋችን ተይዞ የምንቀመጥበት ቅጽበት የተገኘው ከዚህ ነው። ተታለልሁ ማለትዎ ለእኔ አይታየኝም፤ ፊልም በራሱ መሣሪያ ሠርቷል።

መልስ 2

ከላይ የተሰጠው ታሪክ ትክክል ነው፤ ሆኖም የአንድ ለውጥ ማርጀት ደግነቱን አያረጋግጥም። የጠያቂያችንን ጥርጣሬ እኔም እጋራለሁ፤ መነሻው ግን ከመቃብሩ ቀደም ያለ ይመስለኛል።

ተውኔቱ በመቅድሙ ላይ ሁለቱ እንደሚሞቱ አስቀድሞ ይነግረናል። ስለዚህ ልባችንን አንጠልጥሎ የሚይዘው የሚሆነው ነገር ሳይሆን የሚሆንበት መንገድ ነው። ያ መንገድ በአንድ ደብዳቤ ላይ ተንጠልጥሏል። አባ ሎረንስ የጁልየትን አለመሞት ለሮሚዮ የሚያስታውቀውን ይህን ደብዳቤ በሌላው መነኩሴ በአባ ዮሐንስ እጅ ሮሚዮ ወደተሰደደባት ወደ ማንቱዋ ይልካል፤ አባ ዮሐንስም የመንገድ ጓደኛ የሚሆነውን መነኩሴ ሕመምተኞች ሲጠይቅ ያገኘዋል፤ የከተማው ጠባቂዎች ግን ሁለቱ ወረርሽኝ የገባበት ቤት ውስጥ ነበሩ ብለው ስለጠረጠሩ በሩን ያሽጉባቸዋል። ይህ ሁሉ የሚነገረው እጅግ አጭር በሆነ ትዕይንት ነው። የለንደን ቲያትር ቤቶች ግን ከ1592 እስከ 1594 ድረስ አብዛኛውን ጊዜ በወረርሽኝ ምክንያት ተዘግተው ነበር፤ ተውኔቱም የተጻፈው ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነው። የታሸገ በር ምን ማለት እንደሆነ ለዚያ ተመልካች የሚያስረዳው አያስፈልገውም ነበር። የሮሚዮ ጓደኛ መርኩሽዮ እየሞተ ሁለቱንም ቤቶች ወረርሽኝ ይግባባችሁ ብሎ የረገመውን አስታውሱ፤ በሁለት ገቢር ልዩነት ደብዳቤውን ያስቀረው ያው ወረርሽኝ ነው። እርግማኑ ደረሰ።

በፊልሙ ደብዳቤው የሚሄደው በፈጣን መልእክት አድራሽ ድርጅት በኩል ነው። ሠራተኛው በሩን ያንኳኳል፣ የሚከፍትለት ያጣል፣ ማስታወቂያ ወረቀት ትቶ ይሄዳል፤ ሮሚዮም ሳያየው በመኪናው ይነጉዳል። የመርኩሽዮ እርግማን በቃል ደረጃ ተጠብቋል፤ የሚፈጸምበት እጅ ግን ተቆርጧል። ዕጣ ፈንታ የነበረው ነገር አጋጣሚ ሆኖ ስለቀረ፣ አዘጋጁ የጎደለውን ክብደት ከሌላ ቦታ ማምጣት ነበረበት፤ ያመጣውም ከዚያች ከአንድ ሰከንድ ነው።

ከዚህ የከፋ ጉድለት ደግሞ አለ፤ ጁልየትን ሊያገባ ስለ ታጨው ስለ ፓሪስ ማንም የሚያነሣ አለመኖሩ ይገርመኛል። በተውኔቱ ሮሚዮ ወደ መቃብሩ የሚገባው ሰው ገድሎ ነው። ፓሪስ ለእጮኛው አበባ ይዞ መጥቶ በሩ ላይ ያገኘዋል፤ ይዋጋሉ፤ ወጣቱ እየሞተ ከጁልየት አጠገብ እንዲያስተኛው ይለምነዋል፤ ሮሚዮም ማን እንደሆነ ፊቱን አይቶ ከለየው በኋላ ተሸክሞ ያስገባዋል። የፊልሙ ሮሚዮ ሊዮናርዶ ዲካፕሪዮ በሻማ በተሞላው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሲራመድ ግን እጁ ላይ የፓሪስ ደም የለም። ንጹሕ ሮሚዮ ይበልጥ ያስለቅሳል፤ ትራጄዲው ግን የንጹሐን ታሪክ አልነበረም።

በስተመጨረሻም ተውኔቱ ሁለቱን አባቶች እጅ ያጨባብጣል። የሮሚዮ አባት ሞንታግ የጁልየትን ሐውልት ከጥሩ ወርቅ አሠራለሁ ይላል፤ ካፑሌት እኔም ለሮሚዮ ከዚያ የማያንስ እሠራለሁ ብሎ ይመልሳል። ይህን ባነበብሁ ቁጥር በሐዘናቸው ውስጥ እንኳ እየተፎካከሩ እንደሆነ ይሰማኛል። ፊልሙ ሐውልቱን ትቶ የመዝጊያውን ቃል፣ መቅድሙን ላነበበችው የቴሌቪዥን ዜና አንባቢ ሰጥቷታል። ይህ ለዘመኑ የሚስማማ ምርጫ መሆኑን አልክድም፤ ለሁለቱ ቤተሰቦች የተነገረውን ነገር ግን የሁለት ወጣቶች የግል ሐዘን አድርጎታል።

መልስ 3

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። በአራተኛው ገቢር ጁልየት የሚያስተኛትን መድኃኒት ከመጠጣቷ በፊት ብቻዋን ሆና ፍርሃቶቿን አንድ በአንድ ትቆጥራለች፤ መድኃኒቱ ባይሠራስ፣ መርዝ ቢሆንስ፣ ከዚያም ሮሚዮ ሊያወጣኝ ከመምጣቱ በፊት በአያቶቼ አጥንትና በአጎቴ ልጅ በቲቦልት ሬሳ መካከል ብነቃስ እያለች። የምትፈራው ቀድሞ መንቃትን ነው፤ የሚደርስባት ግን ዘግይቶ መንቃት ነው። ፊልሙ ያን የአጥንትና የቅዠት ንግግር ስላስወጣው፣ ይህ ምፀት አብሮ ወጥቷል። ሁለት ሰዓት ውስጥ ለመጨረስ መቀነስ ግድ መሆኑን እረዳለሁ፤ ግን ከሁሉ አስቀድሞ የተቀነሰው የጁልየት አንደበት መሆኑ ያሳዝነኛል። በፊልሙ ጁልየትን የተጫወተችው ክሌር ዴንስ ያንን ንግግር ብትናገረው እንዴት ትናገረው እንደነበር ለማየት እመኝ ነበር።

የጠያቂው ምላሽ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ስለ ፓሪስ የተነገረው በትክክል ያመለጠኝ ነገር ነው፤ ተውኔቱን ከፊልሙ አንድ ቀን ቀድሜ አንብቤ ሳለ እንኳ የፓሪስ መገደል ፊልሙ ውስጥ አለመኖሩን አላስተዋልሁም።

መልሶቻችሁን ካየሁ በኋላ የተውኔቱን የመቃብር ትዕይንት ደግሜ ሳነብበው አንዲት አጭር አነጋገር ላይ ቆምሁ። ጁልየት ጽዋው ባዶ መሆኑን ስታይ፣ ምናልባት መርዝ ተርፎበት እንደሆነ ብላ የሮሚዮን ከንፈር ትስመዋለች፤ ከዚያም «ከንፈርህ ይሞቃል» ትላለች። ጣቷ ጉንጩን የዳሰሰችበት የፊልሙ ቅጽበት ለካ በዚህች ቃል ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል፤ ስንት ደቂቃ እንደዘገየች በከንፈሯ ለካችው። የመጀመሪያውን መልስ የሰጡን ሰው፣ ካሜራ መድረክ የማይችለውን ያሳያል ያሉት እውነት ነው። ይሁን እንጂ ከንፈሩ ይሞቃል መባሉ የሚያቃጥለው ከሞተ ሰው ከንፈር ላይ ሲገኝ ነው፤ በሕይወት ባለ ሰው ከንፈር ላይ ሙቀት ቢገኝ ምን ይደንቃል?