«ስስት ነው» የተባለው የልጅ ሣጥን፦ እስከ ስንት ዓመት?

ሰብለ ዘሲልቨር ስፕሪንግ፦ ዛሬ ጠዋት ጋሽ ደምሴ እዚሁ ግሩፕ ላይ «8 ዓመት ላለፈው ልጅ ሃፒ ሚል መግዛት ስስት ነው፤ እንደ ሰው ሙሉ ምግብ ግዙለት» ብለው ጻፉ። ስንቱ ወላጅ ተቀብሎ አጨበጨበ! እኔ ግን አላልፈውም። ሃፒ ሚል የሚባለው አሻንጉሊት ያለበት የማክዶናልድስ የልጆች ሣጥን ከሀምበርገር ጋር ሲወሰድ ሀምበርገሩ 250 ካሎሪ፣ የልጅ ፍራይሱ (ጥብስ ድንቹ) 110፣ ፖሙ 15፣ ወተቱ 100 ነው። ድምሩ 475። «ሙሉ ምግብ» የሚባለው ደግሞ ትልቁ ሀምበርገር፣ ኳርተር ፓውንደር፣ ከነቺዙ 520፣ መካከለኛ ፍራይስ 320፣ መካከለኛ ኮካ ደግሞ ከ200 በላይ። ከ1000 አለፈ። የ8 ዓመት ልጅ እንደ እንቅስቃሴው ለቀኑ በሙሉ የሚበቃው ከ1200 እስከ 2000 ነው። የቀኑን ግማሽና ከዚያም በላይ በአንድ ጊዜ ማብላት ነው ወይ ደግነቱ?

ጋሽ ደምሴ፦ ልጄ ሰብለ፣ ቃሌን አላነሳም። በእኛ ማዕድ የልጅ ሳህን የሚባል ነገር የለም። ከአንድ ትሪ ይበላል፣ ልጁ ሲጠግብ እጁን ይሰበስባል። ሆዱ ያውቃል። ነጋዴ ቆርጦ በሣጥን ያሸገውን ይዞ «ይበቃሃል» ማለት ስስት ካልሆነ ምን ይባላል?

የናሆም አባት፦ ጋሽ ደምሴ ልክ ናቸው። የዚያ ሀምበርገር ሥጋ ከመጠበሱ በፊት ከአንድ ፓውንድ አሥር የሚወጣለት ነው፤ 45 ግራም ገደማ። ሲጠበስ ደግሞ ይኮማተራል። ኳስ ለሚጫወት የ11 ዓመት ልጅ መክሰስ እንጂ ምሳ አይባልም።

ቤቲ የምግብ ባለሙያ፦ ሥጋውን በመጠኑ ብቻ አትፍረዱት። ሀምበርገሩ 12 ግራም ፕሮቲን አለው፣ ወተቱ 8። 20 ግራም ማለት ነው። ከ4 እስከ 8 ዓመት ያለ ልጅ የሚመከርለት የቀን ፕሮቲን 19 ግራም ነው፤ ከ9 እስከ 13 ያለው 34። ስለዚህ ሣጥኑ ለ8 ዓመት ልጅ በፕሮቲን ቀኑን ይሸፍናል። ለ11 ዓመቱ የሚያንሰው ጉልበት ነው። የዚያ ዕድሜ ወንድ ልጅ ከ1600 እስከ 2600 ካሎሪ፣ ሴት ልጅ ከ1400 እስከ 2200 ያስፈልጋቸዋል። 2000ን ለሦስት ብትካፈሉት 670 አካባቢ ይመጣል፤ ሣጥኑ ወደ 200 ይጎድለዋል። የናሆም አባት ስለ 11 ዓመቱ ልጅ ያልከው ልክ ነው። ጋሽ ደምሴ ስለ 8 ዓመቱ ያሉት ግን ልክ አይደለም፤ «ስስት» የሚለው ቃልም አሳዝኖኛል።

የናሆም አባት፦ እንግዲያው 200 ከጎደለ ትልቁን ግዙ! ምን ያጨቃጭቃል?

የኩሽና ሰው፦ የሚያጨቃጭቀው 200 ለመሙላት 600 መግዛትህ ነው። የምግቡ መጠን መሰላል መሐል ላይ እርከን የለውም። ድሮ ነበረው፤ በ2001 ማይቲ ኪድስ ሚል የሚባል ለታላላቅ ልጆች አውጥተው ነበር። ዛሬ የለም። ስለዚህ እርከኑን ራሳችሁ ሥሩት፦ ማክደብል ለብቻ፣ ፖም ለብቻ፣ ወተት ለብቻ፣ ትንሹን ፍራይስ ደግሞ ለሁለት ልጅ። ማክደብሉ 390 ገደማ ነው፣ ሁለት ሥጋና አንድ ቺዝ አለው። ሁሉም ተደምሮ ወደ 620 ይመጣል፣ ፕሮቲኑ 30 ግራም ይደርሳል። ቺዙን ካስቀራችሁ ካሎሪውም ጨውም ይቀንሳል። የምትሳሳቱት ማዘዣው ስክሪን ላይ ነው። ሳንድዊቹን ስትነኩ «ሚል ይሁን?» ይላል፤ አዎ ካላችሁ መካከለኛ ፍራይስና መካከለኛ መጠጥ ተከትሎ ይመጣል። «ለብቻ» የሚለውን ንኩ።

ሌላም አለ። ሣጥኑ አነሰ የሚሉ ብዙዎቹ የሚያዝዙት ባለ 4 ናጌቱን (የተጠበሰ የዶሮ ቁራሽ) ነው። 4 ናጌት 170 ካሎሪ፣ 6 ናጌት 250 ነው። ስታዝዙ ቁጥሩን ጥሩ። ያው ሣጥን በ80 ካሎሪ ይለያያል።

ሰብለ ዘሲልቨር ስፕሪንግ፦ ተባረክ። የማክዶናልድስ የ5 ዶላሩ ጥቅልስ? በ2024 ሰኔ የጀመረው። ማክደብል ወይም ማክቺክን (የዶሮ ሳንድዊች)፣ 4 ናጌት፣ ትንሽ ፍራይስ፣ ትንሽ መጠጥ። ብዙ ወላጅ ከሃፒ ሚል ይረክሳል ብሎ ለልጅ ይገዛው ነበር።

ቤቲ የምግብ ባለሙያ፦ እሱን በጨው እዪው። በማክደብል ከወሰድሽው ሶዲየሙ ከ1400 ሚሊ ግራም ያልፋል። ከ4 እስከ 8 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ1500 እንዳያልፍ ይመከራል፣ ከ9 እስከ 13 ያለው ከ1800። ማታ ቤት ሽሮው ይጠብቀዋል፣ እሱም ጨው አለው። ለሁለት ልጆች ተካፍለው ቢበሉት፣ መጠጡም በውሃ ቢተካ አልቃወምም።

ጋሽ ደምሴ፦ ይኼን ሁሉ ቁጥር አነበብኩ። ልጅ በሚዛን አይመገብም። ሆዱ ያውቃል አልኩ፤ ማን መለሰልኝ?

ቤቲ የምግብ ባለሙያ፦ እኔ ልመልስልዎ ጋሼ። ሆዱ የሚያውቀው ቀስ ብሎ ሲበላ ነው። ትሪ ዙሪያ የተቀመጠ ልጅ እየቆረሰ፣ እየጠቀለለ፣ ወሬ እየሰማ ይበላል። መኪና ውስጥ ያለ ልጅ ግን ለስላሳ ዳቦና ፍራይስ በደቂቃዎች ይጨርሳል፤ የጥጋብ ስሜት እስኪደርስ 20 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። ሌላው፣ የመጠጥ ካሎሪ ሆድን እንደ ምግብ አያስታግስም። ኮካውን ጨልጦ «ገና ርቦኛል» ይላል። ስለዚህ ሣጥኑን ሲጨርስ ውሃ ስጡት፣ ቆዩ። ካልበቃው አንድ ሀምበርገር ለብቻ ጨምሩለት። ሦስት አራት ጊዜ በተከታታይ ፖሙንም ጨርሶ፣ ቆይቶም ከጠየቀ ያኔ ሣጥኑ በእርግጥ አንሶታል። ዕድሜውን አትቁጠሩ።

የኩሽና ሰው፦ ሰዓቱንም እዩ። እዚህ አሜሪካ ብዙ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ምሳ የሚያበላው ከረፋዱ 5 ሰዓት አካባቢ ነው። ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ በመኪና ማዘዣው መስኮት ጋ የሚደርስ ልጅ ከምሳው አምስት ሰዓት አልፎታል። እሱ ሁለት ሣጥን ቢበላም አይገርምም። ቅዳሜ ቀትር ላይ ያው ልጅ ግማሹን ትቶ ይነሳል። በሥራ ቀን ረኃብ ተነስታችሁ አደገ አትበሉ።

ሐመልማል፦ ስለ ሥጋ ብቻ ታወራላችሁ። ረቡዕና ዓርብስ? ሰባት ዓመት ሞልቶት መጾም የጀመረ ልጅ ፍራይስና ፖም ብቻ ነው የሚቀርለት፤ ሣጥኑ ለእሱ ጨርሶ አይበቃም።

የኩሽና ሰው፦ ሐመልማል እህቴ፣ ፍራይሱም የጾም አይደለም። የአሜሪካው ማክዶናልድስ ፍራይስ ውስጥ የበሬ ጣዕም የሚሰጥ ቅመም አለ፤ ከስንዴና ከወተት የተሠራ ነው። ድርጅቱ ራሱ በምግቡ ዝርዝር ላይ ጽፎታል። በ2002 በዚሁ ነገር ሥጋ ከማይበሉ ሰዎች ጋር ተካሶ፣ ሂንዱዎችም ነበሩበት፣ 10 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል።

ሐመልማል፦ እግዚኦ! ስንቱ እናት ነው የጾም ነው ብላ የምትገዛው? ይኼ ከላይ ይሰቀል።

የናሆም አባት፦ ልጅ በዚያ ዕድሜ ባይጾምስ?

ሐመልማል፦ አስተዳደጉን ለወላጁ ተው። የጠየቅኩት ምን ይብላ ነው።

የኩሽና ሰው፦ ሌላው የበርገር ቤት፣ ዌንዲስ፣ የተጋገረ ድንች አለው። ያለ ቅቤ፣ ያለ ቺዝ፣ ያለ ክሬም በሉ፤ 270 ካሎሪ ነው። ከፖም ጋር ያጠግባል። የዓሣውን ሳንድዊች ለጾም የምታስቡ ካላችሁ ደግሞ ፊሌ ኦ ፊሽ ቺዝ አለበት፣ ነጩ ሶስም እንቁላል አለው።

ጋሽ ደምሴ፦ ጥሩ ትምህርት ነው። ዋናውን ግን አልለወጠውም። የ12 ዓመት ጎረምሳ የአሻንጉሊት ሣጥን ይዞ ጓደኞቹ ፊት ሲቀመጥ ያፍራል። ማሸማቀቅ ካላችሁ ይኼ ነው ማሸማቀቅ።

ሰብለ ዘሲልቨር ስፕሪንግ፦ ጋሼ፣ ጠዋት የጻፉት 8 ዓመት ነበር። አሁን 12 ሆነ። የ12 ዓመቱን ማንም አልተከራከረዎትም፤ ሳንድዊቹን ለብቻ በወረቀት ይግዙለት፣ ሣጥን አያስፈልገውም። የ8 ዓመቱን ይመልሱልኝ።

ጋሽ ደምሴ፦ ስስት ያልኩት ሣጥኑን እንጂ እናቶችን አይደለም።

ሰብለ ዘሲልቨር ስፕሪንግ፦ «መግዛት ስስት ነው» ብለው ነው የጻፉት። የሚገዛው ሰው ነው። ቃሉ ይነሳ።

የናሆም አባት፦ አይነሳም! ሽማግሌን እንዲህ አታፋጥጪ።

ቤቲ የምግብ ባለሙያ፦ አክብሮቱ እንዳለ ሆኖ፣ ልጅ ሳይርበው «ጨርስ፣ ስስት እንዳይመስልብን» እየተባለ ሲበላ ያው ሆዱ ማወቁን ያቆማል። ምን፣ መቼና የት እንደሚበላ ወላጅ ይወስን፣ ምን ያህል የሚለውን ለልጁ ተዉለት። ጋሼ፣ በዚህ ላይ እኮ እርስዎና እኔ አንድ ነን።

ጋሽ ደምሴ፦ አንድ ከሆንን ትልቁን ግዢለትና የተረፈውን ቤት ይውሰድ።

የኩሽና ሰው፦ ጋሼ፣ ፍራይስ ቤት አይደርስም። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ይልፈሰፈሳል፣ ማይክሮዌቭ ደግሞ ያባብሰዋል። ሀምበርገሩ ይደርሳል። ሰላጣና ቲማቲሙን አስቀርታችሁ ካዘዛችሁ ዳቦው አይርስም።

የናሆም አባት፦ እና ለሁለት ልጅ አንድ ትልቅ ማዘዝ ስስት ነው ወይስ አይደለም? ጋሽ ደምሴ?