ስለ ፈጣኑ የጭነት ማውረጃ ጀልባ የሚቀርበው የጋራ ዕቅድ

ጸሐፊ፦ የረቂቁ የመጀመሪያ ገጽ ይህ ነው። ዓላማችን ከባድ ጭነት ከመርከብ ተቀብሎ ወደብ በሌለበት ባሕር ዳር የሚያወርድ፣ ከነባሮቹ የፈጠነ ወታደራዊ ጀልባ ነድፈን ከዋናው አሥር ጊዜ ባነሰ ሞዴል መፈተን ነው። ነባሮቹ የሚዘገዩት የሞተር ጉልበት ስላነሳቸው ብቻ አይደለም፤ ጥልቀት በሌለው ውኃ እንዲገቡ ሆዳቸው ጠፍጣፋ፣ ታንክ እንዲያወርዱም ፊታቸው ሰፊ በር ስለሆነ ውኃውን እየገፉ እንጂ እየሰነጠቁ አይሄዱም። ኤል ሲ ዩ የሚባለው የአሜሪካ ጭነት ማውረጃ ጀልባ ፍጥነት 11 ወይም 12 ኖት (አንድ ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ያህል ነው) ያህል የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። አስተያየት እስከ ዓርብ ይግባ።

ንድፍ ሠሪ፦ በአየር ትራስ የሚሄደው ሌላው የአሜሪካ ጀልባ፣ ኤልካክ፣ 60 ቶን ያህል ይዞ ከ40 ኖት በላይ ይበራል፤ ነገር ግን ጋዝ ተርባይኖቹ የሚበሉት ነዳጅና የአየር ትራሱን የሚይዘው የጎማ ቀሚሱ የሚጠይቀው ጥገና ከአቅማችን በላይ ነው። እኔ የምመርጠው ኤዳ-አር የሚባለውን የፈረንሳዮቹን ጭነት ማውረጃ ጀልባ መንገድ ነው። ርዝመቱ 30 ሜትር ሲሆን በሁለት መንታ አካላት መካከል ያለው መድረክ በጉዞ ጊዜ ከውኃ በላይ ይነሣል፣ ባሕር ዳር ሲደርስ ይወርዳል፤ 80 ቶን ጭኖ 18 ኖት፣ ባዶውን 30 ኖት ያህል ይሄዳል። በሞዴላችን ርዝመቱ 3 ሜትር፣ ክብደት በርዝመትም በስፋትም በቁመትም አሥር አሥር ጊዜ ስለሚቀንስ 80 ቶኑ 80 ኪሎ ይሆናል፤ የ18 ኖቱ ፍጥነት በአሥር ሳይሆን በአሥር ካሬ ሥር ስለሚካፈል 5.7 ኖት ላይ ያርፋል። የክብደቱን ስሌት ማክሰኞ አስገባለሁ።

የብየዳ ክፍል ተጠሪ፣ ኮምቦልቻ፦ በአሉሚኒየም ላሜራው እስማማለሁ፤ የአርጎን ብየዳ የሚችሉ ልጆች አሉን። ነገር ግን በገጽ 3 ላይ ሞዴሉ «በደሴ ግቢ ይቀመጣል» የሚለውን ማን ወሰነ? የሚቆረጠውና የሚበየደው ኮምቦልቻ ሆኖ ሳለ ተጭኖ ወደ ደሴ የሚሄድበት ምክንያት አይታየኝም።

የደሴ ንዑስ ክፍል ተወካይ፦ ምክንያቱ መንገዱ ነው። ፈተናው የሚካሄደው ከደሴ ወዲያ፣ በሐይቅ ከተማ አጠገብ ባለው ሐይቅ ላይ ነው፤ ኮምቦልቻ ከተቀመጠ በእያንዳንዱ ፈተና አይሱዙ ተከራይተን የሐረጎን ዳገት ልንወጣና ደሴን አልፈን ልንሄድ ነው። ያን ኪራይ ማን ይከፍላል?

የብየዳ ክፍል ተጠሪ፦ ውኃ ያስገባ ሞዴል የሚጠገነው ደሴ አይደለም፤ ያው አይሱዙ መልሶ ይወርዳል። ደግሞም የጄኔሬተሩን ነገር ማንም አልረሳውም።

የደሴ ንዑስ ክፍል ተወካይ፦ የጄኔሬተሩ ጉዳይ በቃለ ጉባኤ ተዘግቷል። እንደገና ከተነሣ ግን ግማሹ ገንዘብ ከእኛ መዋጮ መውጣቱም አብሮ ይነሣ፤ በሌባነት ተጠርጥረን መዋጮ የምንከፍልበት ምክንያት የለም።

የቀድሞ የባሕር ኃይል አባል፦ ልጆች፣ ከቦታው በፊት የሚታይ ነገር አለ። ሐይቅ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ቢያልፍም ማዕበሉ የባሕር ማዕበል አይደለም፤ ስለዚህ እዚያ የምንለካው ፍጥነትንና የጭነት አቅምን እንጂ በማዕበል መሐል በሩን ከፍቶ የማውረድን ፈተና አይደለም፤ ይህ በረቂቁ በግልጽ ይጻፍ። የቤንዚን ሞተርም በዚያ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ከጉልበቱ አምስተኛ ያህሉን ያጣልና ሞዴሉ በኤሌክትሪክ ሞተር ይሂድ። አገራችን በ2011 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር ስለ ባሕር ኃይል ከተፈራረመች ወዲህ እንዲህ ያለ ሥራ ቁም ነገር ሆኗል፤ በግቢ ጭቅጭቅ አታጥፉት።

ገንዘብ ያዥ፦ ሁለቱም ግቢ ኪራይና ጥበቃ ይጠይቃል፤ ረቂቁ ደግሞ ለዚህ አንድ ሳንቲም አልያዘም። ያለ በጀት የገባ ዕቅድ ተመላሽ ይሆናል።

የብየዳ ክፍል ተጠሪ፦ ደሴን ሌባ አላልሁም። የራሳችን መጋዘን ቢኖረን ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር፤ መጋዘን እንጠይቅ፣ በውስጡም የ12 ሜትር የፈተና ገንዳ ይሠራ።

የደሴ ንዑስ ክፍል ተወካይ፦ ቦታው በሁለቱ ከተሞች መካከል ከሆነ እንስማማለን።

የቀድሞ የባሕር ኃይል አባል፦ 5.7 ኖት ማለት በሰከንድ 3 ሜትር ያህል ነው፤ ሞዴሉ 12 ሜትሩን በአራት ሰከንድ ይጨርሳል። እንዲህ ያለ ገንዳ ውኃ ማስገባቱን፣ ስንት ጭኖ ስንት እንደሚሰምጥና የመድረኩን መነሣት ያሳያል እንጂ ፍጥነት አይለካም። የተነሣነው ለፍጥነት ነበር።

ጸሐፊ፦ ማክሰኞ ይገባል የተባለው የክብደት ስሌት እስከ ዛሬ ዓርብ አልደረሰኝም፤ ንድፍ ሠሪውም ስልክ አያነሡም። ስለዚህ ረቂቁን እንዲህ አስተካክያለሁ፦ ምዕራፍ አንድ መጋዘንና ገንዳ፣ ምዕራፍ ሁለት ሞዴል፣ የሐይቁ ፈተና «እንደ አስፈላጊነቱ»። የቆርቆሮና የሲሚንቶ ፕሮፎርማ የሚያሰባስብ አንድ ሰው ይመዝገብ።

የቀድሞ የባሕር ኃይል አባል፦ «እንደ አስፈላጊነቱ» የሚለው ይውጣ።

ገንዘብ ያዥ፦ ከወጣ የአይሱዙው ኪራይ ተመልሶ በጀት ውስጥ ይገባል፤ አሁን ባለው ጣሪያ አይበቃም።

የደሴ ንዑስ ክፍል ተወካይ፦ የመጋዘኑ ቁልፍ ሁለት እንዲሆን፣ አንደኛውም በእኛ እጅ እንዲቀመጥ በረቂቁ በጽሑፍ ይግባ፤ ካልገባ አንፈርምም።