ባለ 16 ሬጂስተር ኦርጋን ላይ ፔርትና ሊጌቲ፦ ሞተር የሚጠፋባቸውና ንፋስ የሚቀነስባቸው ሥራዎች ይሆናሉ?

ሶልያና

ሰላም ለሁላችሁ። የምጠይቀው ስለ ፓይፕ ኦርጋን ነው፤ እኛ ዘንድ ኦርጋን ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው ኪቦርዱ ስለሆነ ልለየው ብዬ ነው። ጀርመን አገር፣ በአንድ የሰፈር ቤተ ክርስቲያን ለሚቀርብ የ40 ደቂቃ ዝግጅት ነው። ኦርጋኑ ሁለት ማኑዋል (በእጅ የሚጫወቱት የቁልፍ ሰሌዳ) እና ፔዳል (በእግር የሚጫወቱት) አለው፤ ቁልፎቹም ሬጂስተሮቹም (የቧንቧ ረድፎችን የሚከፍቱና የሚዘጉት መሳቢያዎች) ሙሉ በሙሉ ሜካኒካል ናቸው። የንፋስ ግፊቱ 70 ሚሊ ሜትር የውሃ ከፍታ ነው።

የመረጥኳቸው የአቀናባሪዎቹ የአርቮ ፔርት «አኑም ፔር አኑም» (1980) እና የሊጌቲ «ሃርሞኒስ» (1967) ናቸው። በፔርት መግቢያ ላይ ቁልፎቹ እንደተያዙ ሞተሩ ሲጠፋ ድምፁ ቀስ በቀስ መሞት አለበት። በሁለት ባለ 8 ጫማ ሬጂስተር (ቁጥሩ የድምፁን ከፍታ በቧንቧ ርዝመት የሚገልጽ ነው) ስሞክረው ግን ለረጅም ጊዜ ምንም ሳይለወጥ ይቆይና በአንዴ ይወድቃል። ለምን? የሊጌቲ ሥራ ደግሞ በተቀነሰ ንፋስ ነው የሚጫወተው፤ ለእሱስ ኦርጋን ሠሪ ሳይጠራ ንፋሱን መቀነስ ይቻላል?

ባለወናፍ

እህት ሶልያና፣ ኦርጋንሽ ምንም አልሆነም። ግፊቱን የሚወስነው ወናፉ ላይ የተጫነው ክብደት ነው። ሞተሩ ጠፍቶም ክብደቱ የተጠራቀመውን ንፋስ በዚያው 70 ሚሊ ሜትር መግፋቱን ይቀጥላል፤ ወናፉ ተኝቶ ሲያልቅ ግን የሚገፋ ነገር የለም። ትልቅ ወናፍ በሌላቸው፣ ከንፋስ ሳጥኑ ሥር በስፕሪንግ የሚሠራ ትንሽ ማስተካከያ ብቻ ባላቸው ኦርጋኖች ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ ድምፁ ወዲያው መውረድ ይጀምራል።

ስህተቱ በሁለት ሬጂስተር መሞከርሽ ነው። ብዙ ሬጂስተር አውጪ፣ በተለይ ብዙ ንፋስ የሚበሉትን፦ የፔዳሉን ባለ 16 ጫማና ፕሪንሲፓል 8። ያኔ ወናፉ ቶሎ ይራገፋል። የሞተሩ ማራገቢያ ደግሞ ኤሌክትሪክ ከተቋረጠ በኋላም በራሱ ግስጋሴ ጥቂት ይሽከረከራል፤ ፍጥነቱ ሲቀንስ ግፊቱ አብሮ ይወርዳል። ወናፉ ባዶ ሆኖ ማራገቢያው ገና ሲዞር ነው ያ የሚያምር አወራረድ የሚሰማው። በሁለት ሬጂስተር ግን ወናፉ እስኪራገፍ ማራገቢያው ቆሞ ይጠብቅሻል።

ድምፁ ከሞተ በኋላ መጀመሪያ ቁልፎቹን ልቀቂ፣ ቀጥለሽ ሬጂስተሮቹን መልሺ፣ ከዚያ ነው ሞተሩ የሚበራው። ቁልፍ እንደተያዘ ከበራ ኮርዱ ከታች ወደ ላይ እየተጎተተ ይመለሳል፣ ዝምታውም ይበላሻል። ወናፉ ሞልቶ እስኪቆም ድረስ አትጀምሪ። ማብሪያው ከመቀመጫው የማይደረስ ከሆነ ረዳት ይያዘው፤ ምልክቱንም በኖታው ላይ በቀለም ጻፉት።

ሳብ-ባስ16

ሊጌቲን በተመለከተ፣ ሬጂስተሩ ሜካኒካል መሆኑ ትልቅ ዕድል ነው። ሬጂስተሩን እስከ ግማሽ ብቻ ስትስቢው ከቧንቧዎቹ ሥር ያለው ተንሸራታች ጣውላ ቀዳዳዎቹን በከፊል ይሸፍናል፤ ቧንቧው በቂ ንፋስ ስለማያገኝ ድምፁ ይገረጣል፣ ይወርዳል፣ ትንፋሽ ይበዛበታል። ሊጌቲ የሚፈልገው ያን ነው። ትክክለኛው ቦታ ግን ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ እያንዳንዱን ለይተሽ ፈልጊና በቀላሉ በሚላቀቅ የወረቀት ፕላስተር ምልክት አድርጊበት። የአዳራሹ ሙቀት ሲለወጥ ቦታውም ስለሚለወጥ ከዝግጅቱ በፊት እንደገና ፈትሺ። ፕላስተሩን በዚያው ቀን አንሺው፣ ከቆየ ቫርኒሹን ይልጣል።

ሞተሩን በመብራት ማደብዘዣ ለማዘግየት ፈጽሞ አትሞክሩ፤ ይግላል፣ ይቃጠላል። ደካማ ሞተር መግጠም ወይም የንፋስ ሳጥኑን መክፈት አቀናባሪው የፈቀደው መንገድ ቢሆንም ኦርጋን ሠሪ በሌለበት አይነካም። የወናፉን ክብደት ማንሳትም እንደዚያው ነው፤ በኋላ የኦርጋኑ ቅኝት በሙሉ ይዛባል።

ምላስ ያላቸውን ሬጂስተሮች፣ ትሮምፔትን የመሰሉትን፣ ከነጭራሹ ተዪአቸው። ግፊት ሲቀንስ የተራ ቧንቧዎች ቅኝት ሲወርድ የእነሱ ብዙም አይወርድም፤ ወይ ይጣላሉ ወይ ምላሱ ተይዞ ዝም ይላል። ጌዳክት 8፣ ፕሪንሲፓል 8 እና ፍሉት 4 ይበቃሉ። እዚያ ሥራ ውስጥ አሥሩም ጣት ተይዞ በየእርምጃው የሚለወጠው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። በደካማ ንፋስ ቧንቧ ዘግይቶ ስለሚናገር፣ አዲሱ ድምፅ በግልጽ ሳይሰማ ወደሚቀጥለው አትለፊ።

ኖታ ቤት

ሁለቱ ሥራዎች 40 ደቂቃ አይሞሉም። የፔርትን «ፓሪ ኢንተርቫሎ» ጨምሪ፤ በሁለት ማኑዋል የተለያየ ቀለም ሰጥቶ ለመጫወት ይመቻል። ዝግ ብሎ የሚሄድ ስለሆነ ግን የሚንቀጠቀጥ ንፋስ ይጋለጣል፣ ስለዚህ ቀድመሽ ረጅም ኮርድ ይዘሽ አድምጪ። ለቀረው ጊዜ የጆን ኬጅ «ኦርጋን²/አስልስፕ» (1987) ፍጥነቱ ለተጫዋቹ የተተወ በመሆኑ ቀሪውን ደቂቃ በልኩ ይሞላል። ሃልበርሽታት ከተማ ቡርካርዲ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በ2001 ተጀምሮ እስከ 2640 እንዲቆይ የታቀደው ይኸው ሥራ ነው፤ እዚያ ቁልፎቹን ተጭነው የያዙት የአሸዋ ከረጢቶች ናቸው።

የሊጌቲን «ቮሉሚና» ግን እዚህ ኦርጋን ላይ አልመክርም። በክንድ የሚጫኑ ክላስተሮች፣ ማለትም ጎን ለጎን ያሉ ብዙ ቁልፎች በአንዴ፣ ናቸው። አንድ ቁልፍ 100 ግራም ቢፈልግ 56 ቁልፍ 5.6 ኪሎ ነው፤ ማኑዋሎቹ ከተጋጠሙ (አንዱ ሲጫን የሌላውም ቁልፍ አብሮ እንዲጫን) ወደ 11 ኪሎ ይጠጋል። ያ ጫና በቀጫጭን የእንጨት ዘንጎች ላይ ሲወድቅ አንዱ ከቦታው ይወጣል፣ ወይም ቫልቭ ሳይዘጋ ቀርቶ ድምፁ ማቋረጫ ያጣል።

ሶልያና

ሁሉንም ሬጂስተር አውጥቼ ሞከርኩት፤ አሁን በትክክል ይሞታል፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ቀረ፤ በኬጅ ላይ ረጅም ድምፅ ለመያዝ በቁልፎች መካከል የታጠፈ ካርቶን መሸጎጥ ችግር አለው?

ሳብ-ባስ16

አትሸጉጪ። ካርቶኑ ጎረቤቱን ቁልፍ ወደ ጎን ይገፋል፣ ቁልፉ የሚቀመጥበትን ማኅደርም ያላላል። በጨርቅ የተጠቀለለ ትንሽ የእርሳስ ብረት ክብደት ከላይ አስቀምጪ። ቫልቩ አንዴ ከተከፈተ ክፍት አድርጎ ለመያዝ ከመክፈቻው ያነሰ ኃይል ይበቃል፤ ስለዚህ ቁልፉን በጣትሽ ተጭነሽ ክብደቱን ከዚያ በኋላ አሳርፊበት።