የጥገና ሥልጠና፦ የሞተር ኩሽኔታ ቶሎ ቶሎ ይበላል፣ ከየት ልጀምር?

አዘዞ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ጎንደር ለዱቄት ፋብሪካ መካኒኮች ሥልጠና እያዘጋጀሁ ነው። ማሽን በብዛት የሚቆመው በሞተር ኩሽኔታ (ዘንጉን ደግፎ በቀላሉ እንዲዞር በሚያደርገው ባለ ኳስ ቀለበት) ነው። ምን ይቅደም?

ግራሶ፦
ከግራሶ ጀምር። ብዙ ሰው ችግሩ እጥረት ብቻ ይመስለዋል፤ ሲበዛም ኩሽኔታው ይሞቃል፣ ትርፉም ወደ ሞተሩ ጥቅልል ይገባል። የሚጨመረው ግራሶ ስሌት ቀላል ነው፦ የኩሽኔታው የውጭ ዲያሜትር × ስፋት (ሁለቱም በሚሊሜትር) × 0.005፤ ውጤቱ በግራም ነው። 6310 የሚል ቁጥር ላለው ኩሽኔታ 110 × 27 × 0.005፣ 15 ግራም ገደማ። የግራሶ ፓምፑን 10 ጊዜ መትተው የወጣውን በሚዛን ይመዝኑ፤ ፓምፕ ከፓምፕ ይለያያል። የሊቲየምና የፖሊዩሪያ ግራሶ እንዳይደባልቁ፤ ቀጥኖ ሊፈስ ይችላል።

ቶርኒዮ ቤት፦
አገጣጠሙስ? ዘንግ ላይ ሲገባ የሚመታው የውስጥ ቀለበቱ ብቻ ነው። የውጩን ከመቱት ምቱ በኳሶቹ በኩል አልፎ መሄጃቸውን ያጎደጉዳል፤ ገና በአዲስነቱ ይጮኻል። በማሞቂያ ከሆነ ከ110 ዲግሪ አይለፍ፤ በእሳት ነበልባል ግን በፍጹም! ቺንጋ ከልክ በላይ መወጠርም ያው ኩሽኔታ ገዳይ ነው።

ሽቦ፦
ከፍታውንም አስተምራቸው። ጎንደር ከ2000 ሜትር በላይ ናት፤ መደበኛ ሞተር የሚታሰበው እስከ 1000 ሜትር ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ በደንብ አያቀዘቅዝም። የፋኑ መሸፈኛ ላይ ዱቄት ከተጋገረ ደግሞ አለቀለት። በየፈረቃው ይጠረግ፤ በኮምፕሬሰር ግን አይነፋ፣ የዱቄት ብናኝ ይፈነዳል።

አዘዞ፦
እናመሰግናለን። ግራሶው እንዳይደባለቅ ፓምፑን በቀለም መለየት ይበቃል?

ግራሶ፦
አይበቃም፤ ሞተሩም ላይ ግራሶ መግቢያው አጠገብ ያንኑ ቀለም ቀቡ።