ከላይቭ ሮክ ጋር የመጡት እነዚህ ሦስት ነገሮች ምንድን ናቸው?

ጥያቄ
አኳሪየሙ 120 ሊትር የጨው ውኃ ነው፤ ጨዋማነቱ በአንጻራዊ ጥግግት 1.025፣ ሙቀቱ 25 ዲግሪ። 8 ኪሎ ላይቭ ሮክ (ከነሕይወቱ ከባሕር የመጣ፣ ትናንሽ ፍጥረታት የሚኖሩበት ድንጋይ) ከገባ 3 ሳምንት ሆነው። ያሉበት ሁለት ክላውንፊሽ የሚባሉ ዓሦችና አንድ ዞአንተስ ኮራል ብቻ ናቸው፤ ግን ማንም ያላስገባቸው ነገሮች ብቅ ብቅ እያሉ ነው።
ሀ. መስታወቱና የፓምፑ ክዳን ላይ ከሰሊጥ ፍሬ የሚያንሱ፣ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የተጠቀለሉ ነጭ ነጠብጣቦች። አይንቀሳቀሱም።
ለ. ሌሊት ባትሪ ሲበራ ከድንጋዩ ስንጥቅ ግማሽ አካሉን የሚያወጣ ሮዝማ ትል። 5 ሳንቲ ሜትር ያህላል፤ በግራና በቀኙ ነጭ ፀጉር አለው።
ሐ. ቡናማ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ አበባ የሚመስል ነገር። ሲነኩት ጉድጓዱ ውስጥ ጥልቅ ይላል። አንድ ነበር፤ በምላጭ ከተፋቀ በኋላ 4 ሆነ።
የትኛው ይወገድ? ድንጋዩ ወጥቶ ቢቀቀልስ?

መልስ 1
ከመጨረሻው ልጀምር፦ ድንጋዩን እንዳትቀቅለው! የዞአንተስ ዝርያዎች ፓሊቶክሲን የሚባል ብርቱ መርዝ ሊይዙ ይችላሉ፤ ሲፈላ በእንፋሎቱ ወደ ሳንባ ይገባል። ሰዎችን ሆስፒታል ያስገባ ነገር ነው። ድንጋዩን በብሩሽ መፈተግም ያው ነው።
ሐ አይፕታሲያ የሚባለው አኒሞን (አበባ የሚመስል የባሕር እንስሳ) ነው። ለማረጋገጥ ፓምፑን አጥፍተህ ጠጋ ብለህ እየው፦ መሐሉ ላይ አፍ ያለው ጠፍጣፋ ክብ፣ ዙሪያውን ጫፋቸው የሾለ ረጃጅም ቀጫጭን ክሮች። የክሮቹ ጫፍ እንደ ዶቃ ካበጠ ማጃኖ የሚባል ሌላ አኒሞን ነው። እንደ ላባ ቅርንጫፍ ካላቸውና ከቱቦ የሚወጡ ከሆነ ደግሞ ጉዳት የሌለው ላባማ ትል ነው፤ እሱን ተወው።
የበዛው በምላጩ ምክንያት ነው። ከእግሩ ድንጋዩ ላይ የቀረች ቁራጭ ሁሉ አዲስ አኒሞን ትሆናለች። ስለዚህ ሳይነካ ባለበት መግደል ነው።
የካልክዋሰር ዱቄት፣ ማለትም ንጹሕ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ (ኖራ)፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ወስደህ በጥቂት ጠብታ የተጣራ ውኃ እንደ ጥርስ ሳሙና እስኪሆን ለውሰው። ጓንትና መነጽር አድርግ፣ ያቃጥላል። ፓምፖቹን ሁሉ አጥፋ። ጫፉ ባልሾለ መርፌና በ3 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ቀስ ብለህ ተጠጋና አፉ ላይ አፍስስ፤ ከተሸበሸበም ጉድጓዱን ድፈነው። 15 ደቂቃ ጠብቀህ ፓምፑን መልስ። ቸኩለህ ካበራኸው ሊጡ ተበትኖ ኮራሉ ላይ ያርፋል። ፒኤች (የውኃው የአሲድነት መለኪያ) ስለሚያሻቅብ ለ120 ሊትር በአንድ ቀን ከ4 ወይም ከ5 አኒሞን አትለፍ፤ ፒኤቹ 8.5 ከደረሰ አቁም።

መልስ 2
ስለ ለ፦ ተራው ብሪስትል ወርም ነው፤ የምግብ ትርፍራፊና የሞተ ነገር ይበላል፤ አይወገድም። ከበዛ የምትሰጠው ምግብ በዝቷል ማለት ነው። የሚያሰጋው ፋየርወርም ነው፦ ወፈር ይላል፣ ነጩ ፀጉር እንደ ጥጥ ክምር ጥቅጥቅ ብሎ ሥሩ ላይ ቀይ ወይም ብርቱካናማ ይታያል፣ ኮራል ላይ ወጥቶም ይበላል። ሁለቱንም በባዶ እጅ አትንካ። ፀጉሩ ከተሰካብህ ሳታሽ በሚጣበቅ ፕላስተር እያነሣህ አውጣ።
በአይፕታሲያው ላይ ግን ኖራው ብቻውን አይበቃም፤ ከድንጋይ ጀርባ ያለውን አታገኘውም። አይፕታሲያ የሚበላውን ፔፐርሚንት ሽሪምፕ 2 ጨምር። ስትገዛ ተጠንቀቅ፤ በዚያው ስም ካሜል ሽሪምፕ ይሸጣል፣ እሱ ዞአንተስህን ይበላል። ፔፐርሚንቱ ብርሃን የሚያሳልፍና ቀጫጭን ቀይ መስመር ያለው ነው፤ ካሜሉ ጀርባው ጎበጥ ያለ፣ ዓይኑ ትልቅ፣ ከቀዩ ጋር ጉልህ ነጭ መስመር ያለው። ሽሪምፕ ካለ መዳብ ያለበት የዓሣ መድኃኒት አይታሰብም፣ ይገድለዋል።

መልስ 3
በፔፐርሚንት አልተማመንም፤ ፍሌክ (ደረቅ የዓሣ ምግብ) ከለመደ አኒሞን አይነካም። በርጊያ የምትባለው ቅርፊት አልባ ቀንድ አውጣ ከአይፕታሲያ በስተቀር ምንም አትበላም። ግን 4 ብቻ ካሉህ በረሃብ ትሞታለች፤ እሷን ማሰብ ሲበዛ ነው። ኮፐርባንድ ቢራቢሮ ዓሣ የሚል ይመጣል፤ ለ120 ሊትር አይሆንም።
ሀ ስፓይሮርቢስ ነው፤ ውኃ እያጣራ የሚኖር ትል፣ ምንም አያደርግህም። ካላማረህ መስታወቱ ላይ ያለውን በምላጭ ፋቀው፣ አክሪሊክ ከሆነ በፕላስቲክ። ፓምፑ ውስጥ የተጣበቀውን ክፍሉን ፈትተህ ኮምጣጤና ውኃ እኩል ለእኩል በተቀላቀለበት ውስጥ ዘፍዝፈው፤ ነጩ ቅርፊት ይሟሟል። በደንብ አለቅልቀህ መልሰው።

ጠያቂው
ከነጠብጣቦቹ ሁለቱ አልተኙም፤ ድንጋዩ ላይ እንደ ቀጭን ቱቦ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ያው ናቸው?

መልስ 3
አይደሉም። ቨርሜቲድ ቀንድ አውጣ ይመስላሉ። ምግብ ጣል አድርገህ ፓምፑን አጥፋና 10 ደቂቃ ጠብቅ፤ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ንፍጥ ከለቀቁ እነሱ ናቸው። ድሩ ኮራል ያስቆጣል። ቱቦውን በጉጠት ከሥሩ ስበር፣ የቀረውን አፍ በሱፐር ግሉ ጄል ድፈን። ጄሉን ምረጥ፤ ፈሳሹ ውኃ ውስጥ ቦታው ላይ አይቆምልህም።