ቻፓቲዬ ለምን ብስኩት ይሆንብኛል?

የጦሳ ልጅ (ደሴ)

ሰላም ወገኖቼ። አንድ ነገር ቸግሮኝ ነው። የምሠራው ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ነው። አብሮኝ የሚሠራ ህንዳዊ አለ፣ ምሳውን ሁሌ በጨርቅ ጠቅልሎ ይዞ ይመጣል። ቻፓቲ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት የተጋገረው ቀን 6 ሰዓት ላይ ስንበላው እንደ መሀረብ ይታጠፋል። እኔም ቀናሁና እሁድ እቤቴ ሞከርኩ። ከምጣድ ስትወርድ ደህና ትመስላለች፣ አስር ደቂቃ ሳይሞላት ድርቅ ትላለች። እውነቴን ነው፣ ቁጥር ጽፌ ግድግዳ ላይ ብሰቅላት ሰዓት ትሆናለች።

ያደረግኩትን ልንገራችሁ። ፉርኖ ዱቄት፣ ጨው፣ ትንሽ ዘይት፣ ቀዝቃዛ ውሃ። እጄ ላይ ሲጣበቅብኝ ዱቄት ጨመርኩ፣ አሁንም ሲጣበቅ ደግሜ ጨመርኩ። ወዲያው በጠርሙስ ዳምጬ የኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ አደረግኩትና ከደንኩት፣ አምስት ደቂቃ ያህል። ልጁን ስጠይቀው «ዱቄትና ውሃ ነው፣ ሌላ ምንም የለውም» ይለኛል። እየደበቀኝ ነው ወይስ ጥፋቱ የኔ ነው? ላጤ ነኝ፣ ያለኝን ኩሽና እያሰባችሁ ምከሩኝ።

ፒያሳ

ቤኪንግ ፓውደርና ወተት ጨምርበት፣ ይለሰልሳል። ባይሆንልህም በሻይ ይበላል።

ከጅዳ መልስ

ኧረ ቤኪንግ ፓውደሩን ተወው። ልጁ አልዋሸህም፣ ዱቄትና ውሃ ነው። እኔ ጅዳ ሰው ቤት ስሠራ ከሃይደራባድ የመጣች ልጅ አብራኝ ነበረች፣ ማታ ማታ ሠላሳ አርባ ቻፓቲ እንጋግር ነበር። መጀመሪያ ሰሞን የኔ ሁሉ እንዳንተው ነበር። እሷ ትስቅና ለድመት ትሰጠዋለች፣ ድመቷም አትበላውም።

ዱቄቱ ላይ ብዙ አልቆይም። እነሱ «አታ» የሚሉት ስንዴው ከነፉርሽካው በድንጋይ ወፍጮ ልም ተደርጎ የተፈጨ ነው። በድንጋይ ሲፈጭ ውስጡ ያለው ስታርች ስለሚሰባበር ብዙ ውሃ ይጠጣል፣ ልስላሴው ከዚያ ይመጣል። አንተ ሰኞ ገበያ ጥሩ ስንዴ ግዛና ወፍጮ ቤት አስፈጭ፣ በደንብ ይላም በላቸው። ጤፍ ከተፈጨበት ተከትለህ ግን አታስፈጭ። ይህ ሁሉ ከከበደህ ግማሽ ፉርኖ፣ ግማሽ የወፍጮ ቤት ስንዴ አድርገህ ቀላቅል።

ትልቁ ጥፋትህ ዱቄት መጨመርህ ነው። ለ2 ኩባያ ዱቄት 3/4 ኩባያ ለብ ያለ ውሃ ያስፈልጋል። እጅህ ላይ ይጣበቃል፣ ይጣበቅ! ዱቄቱ ገና ውሃውን ጠጥቶ አልጨረሰም እኮ። እጅህን ውሃ እየነከርክ ሰባት ስምንት ደቂቃ እሸው፣ ከዚያ እርጥብ ጨርቅ አልብሰህ ግማሽ ሰዓት ተወው። ቡናህን አፍላ። ስትመለስ ያ ሲያስቸግርህ የነበረው ሊጥ እንደ ጆሮ ጫፍ ለስልሶ ታገኘዋለህ። በጣትህ ስትጫነው ጉድጓዱ ቀስ ብሎ ይመለሳል። ቶሎ ዘሎ ከተመለሰ ገና አላረፈም ማለት ነው፣ ስትዳምጠውም እየተሰበሰበ ያናድድሃል።

ከዚያ ምጣዱ። ያንን የኤሌክትሪክ ምጣድ ለእንጀራ ተወው። ቻፓቲ በዝግታ ሲበስል ውሃው ሁሉ ይተናል፣ የሚቀርህ ብስኩት ነው። ቡና የምትቆላበት ብረት ምጣድ ካለህ እሱን ከሰል ላይ በደንብ አግለው። ቁንጥር ዱቄት ጣል አድርግበት፦ እስከ አምስት ስትቆጥር ቡኒ ከሆነ ደርሷል፣ ወዲያው ከጨሰ በዝቷልና ትንሽ አውርደው። ዘይት የለም፣ ማሰሻም የለም። ቻፓቲውን ጣልና እስከ ሃያ ቁጠር። ፊቱ ላይ ትንንሽ እብጠት ሲያወጣ ገልብጠው። ሁለተኛው ፊት ግማሽ ደቂቃ ይበቃዋል። አሁንም ገልብጠህ በታጠፈ ጨርቅ ጠርዝ ጠርዙን ጫን ጫን ስታደርገው እንደ ፊኛ ይነፋል፣ ውስጡ ያለው ውሃ እንፋሎት ሆኖ ሁለቱን ገጽ ስለሚያላቅቀው ነው። ጠቅላላው ከአንድ ደቂቃ ተኩል አይበልጥም። እንደወረደ ቅቤ ቀባና ወዲያው ጨርቅ ውስጥ ጠቅልል፣ አንዱን ባንዱ ላይ እየደረብክ። ወላሂ ይህን ካደረግክና ከደረቀብህ እኔን ስደበኝ።

አንጋፋው

ልጄ፣ እኔ ደግሞ ሌላ ነገር አስታወሳችሁኝ። በንጉሡ ጊዜ ሒሳብ ያስተማሩኝ ህንዳዊ ነበሩ፣ ያኔ የህንድ አስተማሪ ያልነበረበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማግኘት ይከብድ ነበር። ቁጣቸው አይጣል ነው። አንድ ቀን እናቴ ቂጣ በአብሽ አድርጋ «ለመምህርህ ውሰድ» አለችኝ። እየፈራሁ ሰጠኋቸው። አሽትተው ዝም አሉ፣ ከዚያ «ይሄ እኮ የኛ ነው» አሉ። ለካ እነሱም አብሽ አላቸው፣ ሜቲ ይሉታል። እኛ ፍሬውን ነው የምንፈጨው፣ እነሱ ግን ቅጠሉንም እንደ ጎመን ከትፈው ከሊጡ ጋር ያሹታል። ከዚያ ቀን በኋላ ኩርኩም ቀነሰልኝ። እና ቻፓቲ ማለት ቂጣ ነው፣ ብዙ አትጨነቁ።

ከጅዳ መልስ

አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እዚህ ላይ አልስማማም 😊 የኛ ቂጣ ወፈር ብሎ ተከድኖ ነው የሚበስለው፣ ትንሽ ድርቅ ቢልም በቅቤና በበርበሬ ስንፈተፍተው ያምርበታል እንጂ አይከፋም። ቻፓቲ ግን ስስ ነው፣ ወጥ የሚጠቀለልበት ነው። ልጁም የተቸገረው ቻፓቲውን እንደ ቂጣ ስለጋገረው ይመስለኛል። የአብሿን ነገር ግን እሞክራታለሁ፣ እድሜ ይስጥልን።

ሐይቅ ዳር

ናንስ? ምግብ ቤት የሚያቀርቡት ያ ወፍራሙ?

ከጅዳ መልስ

ናን ሌላ ነው። እሱ በነጭ ዱቄት፣ በእርሾና በእርጎ ይቦካል፣ የሚጋገረውም ታንዱር የሚሉት የሸክላ ምድጃ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነው። የታንዱር ሙቀት ከ400 ዲግሪ በላይ ሊሄድ ይችላል፣ እቤት አይገኝም። አንዳንዱ የሊጡን አንድ ፊት ውሃ ቀብቶ ብረት ምጣድ ላይ ይለጥፍና ምጣዱን ወደ እሳቱ ይደፋዋል። ምጣዱ የሚያጣብቅ መሆን አለበት፣ የማያጣብቀው መጥበሻ ላይ ከሞከርሽ ሊጡ እሳት ውስጥ ይወድቅልሻል። ደርሶብኛል።

ሆጤ ሰፈር

ፊዚክስ አስተምራለሁ፣ ዝም ማለት አልቻልኩም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለነው። እዚህ ውሃ የሚፈላው ወደ 92 ዲግሪ ላይ ነው፣ ጅዳ ግን ባህር ጠርዝ ስለሆነች 100 ላይ ነው። ስለዚህ ሊጡ ውስጥ ያለው ውሃ እዚህ ቶሎ ይተናል፣ በበጋ ደግሞ አየራችን ደረቅ ነው። በጅዳው ልክ ላይ አንድ ሁለት ማንኪያ ውሃ ጨምር፣ ጨርቁንም እርጥብ አድርገው። ኮምቦልቻ ዝቅ ስለሚል ህንዳዊው ትንሽ ይቀለዋል።

ከጅዳ መልስ

አሁን ገባኝ! ከመጣሁ ጀምሮ እኔም ሳላውቀው ውሃ እየጨመርኩ ነው የማሸው፣ ዱቄቱ ነው እያልኩ ዱቄት ስወቅስ።

የጦሳ ልጅ (ደሴ)

ሞከርኩት። ስንዴውን ቅዳሜ አስፈጨሁ፣ ሊጡን ስጀምር እጄ ላይ ተለጥፎ ስልክ ሲጠራ ማንሳት አልቻልኩም፣ ያም ሆኖ ዱቄት አልጨመርኩም። ግማሽ ሰዓት ስተወው እውነትም ሌላ ሊጥ ሆኖ ጠበቀኝ። ከእንቁላል አነስ አነስ አድርጌ ስምንት አድበለበልኩ። የመጀመሪያዋ አረረች፣ ከሰሉን አብዝቼው ነው። ሁለተኛዋ ግማሿ ብቻ ተነፋ። ሦስተኛዋ ላይ ጨርቁን ጫን ሳደርግ ቡፍ ብላ ኳስ ሆነች! ብቻዬን ኩሽና ውስጥ ጮህኩ። በደስታ በጣቴ ስነካት ቀዳዳ አበጀችና እንፋሎቱ ጣቴን ለበለበኝ፣ ተጠንቀቁ።

ሰኞ አራቱን በጨርቅ ጠቅልዬ ከምስር ወጥ ጋር ወሰድኩ። ቀን 6 ሰዓት ላይ ይታጠፋሉ። ህንዳዊው አንዷን ብድግ አድርጎ አጠፋት፣ ዘረጋት፣ ነቀነቀ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጎ አያትና «ልስላሴው ጥሩ ነው፣ ግን ይሄ ቻፓቲ ነው ወይስ ካርታ?» አለኝ። ክብ ማድረግ አልቻልኩም ጎበዝ። ዘዴ አለው?

ከጅዳ መልስ

እሱ ልምድ ነው። አንድ ጊዜ ስትዳምጥ ሊጡን ሩብ ዙር አዙረው፣ ደግመህ ዳምጥ፣ ደግመህ አዙር። መሀሉን አትጫነው፣ ጠርዙን ነው። እስኪለምድልህ ድረስ ሰሃን ድፋበትና ዙሪያውን በቢላ ቁረጠው። እኔ ጅዳ አንድ ወር ሙሉ እንደዚያ ሳደርግ ማዳም አላወቀችም።