አባታችን መሞቱን ለእህቴ አልነገርናትም፤ የምንዋሸው ለማን ብለን ነው?

ወንድሟ፦
እህቴ ኩዌት ቤት ሠራተኛ ናት፣ ከሄደች አራት ዓመት ሊሞላት ነው። አባታችን ካረፈ አርባው ወጥቷል። እስካሁን አልነገርናትም። «ብቻዋን ናት፣ ማን ይዟት ታለቅሳለች፣ ኮንትራቷን ጨርሳ ስትመጣ እናረዳታለን» አሉ ትልልቆቹ። በደወለች ቁጥር «አባዬን አቅርቡልኝ» ትላለች። «ተኝቷል»፣ «ቤተ ክርስቲያን ሄዷል» እንላታለን። ባለፈው እሁድ እማዬ ጥቁር ልብሷን አውልቃ፣ ነጭ ነጠላ ለብሳ ነው በኢሞ ያነጋገረቻት። ስልኩ እንደተዘጋ ጥቁሩን መልሳ ስትለብስ አየኋት፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። የምንዋሸው ለእሷ ብለን ነው ወይስ ለራሳችን? ሰው የሚወደውን ለምን ይዋሻል?

የሰፈር ሰው፦
እግዜር ያጽናህ ወንድሜ። በትልልቆቹ አትፍረድ፣ መርዶ እኮ ወግ አለው። ጎህ ሳይቀድ ሰው ሰብሰብ ብሎ ሄዶ ነው የሚያረዳው፣ ስትወድቅ የሚይዛት እንዲኖር። ያቺ ውሸት ግን ዕድሜዋ አንድ ሌሊት ነበር። አንተ የምታወራው ስለ ወራት ነው፣ ይሄ ሌላ ነገር ነው። ደሞ አንዱ የሰፈር ልጅ ፌስቡክ ላይ ፎቶውን ለጥፎ «ነፍስ ይማር» ቢል፣ ማዳሟ ቤት ዕቃ እያጠበች ነው የምታየው።

ከቤይሩት የተመለስኩ፦
እኔን ስምንት ወር ደብቀውኛል። እናቴን። «ትንሽ ደም ግፊቷ ነው» እያሉኝ ለመድኃኒቷ ብር እልክ ነበር፣ ለሞተች ሰው። ቦሌ ስወርድ ሊቀበለኝ የመጣው ሰው ሲበዛብኝ ነው የገባኝ፣ አንድም የሚስቅ አልነበረም። ለቅሶውን አልቅሼ ወጣልኝ። ያልወጣልኝ ሌላ ነው፣ እስከ ዛሬ አባቴ ስልክ ካላነሳ «ደህና ነው» ቢሉኝ አላምንም፣ ካላየሁት አላምንም።

እውነቱን ልናገርና እኔም እዋሻቸው ነበር። ሦስት ወር ደሞዝ ሳይከፈለኝ «ማዳም ጥሩ ናት፣ አሁን በላሁ» ስል ነው የከረምኩት። እንዳይጨነቁ ብዬ ነው። ግን ደግሞ እማዬ «በቃ ተመለሽ» ብትለኝ የምመልስላት ስላልነበረኝም ነው።

ነርሷ፦
ቤላ ዴፓውሎ የምትባል አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ሆና ሰዎች የዋሹትን ለአንድ ሳምንት በማስታወሻ እንዲይዙ አድርጋ ነበር፣ ጥናቱ የወጣው በ1996 እ.ኤ.አ. ነው። የኮሌጅ ተማሪዎቹ በቀን ሁለት ያህል፣ ሌሎቹ አንድ ያህል መዘገቡ። እኔን የገረመኝ ቁጥሩ አይደለም። «ለእሱ ብዬ ነው» የሚባለው ዓይነት ውሸት ለሩቅ ሰው ከሚነገረው ይልቅ ለቅርብ ሰው በሚነገረው ውስጥ ድርሻው ይበልጣል።

ዋርድ ውስጥ የማየው ይሄንኑ ነው። ልጆቹ ኮሪደር ላይ ይዘውኝ «ካንሰር መሆኑን እንዳትነግሪው» ይላሉ። አልጋው ጋ ስደርስ አባትየው እጄን ይዞ «እኔ አውቄዋለሁ፣ ልጆቼ እንዳይሰሙ» ይለኛል። ይዋደዳሉ፣ ግን ሁሉም ለየብቻ ያለቅሳሉ። የምንወደው ሰው ሲያለቅስ ማየት አንችልም፣ ስለዚህ ግማሹ ውሸት ለራሳችን ነው ባይ ነኝ።

ወንድሟ፦
ያላችሁትን ለእማዬ አነበብኩላት። የብሩን ነገር ስትሰማ ዝም አለች፣ እህቴም ባለፈው ወር ለአባዬ መነጽር ብላ ልካ ነበር። አርብ እረፍቷ ነው። የአክስታችን ልጅ እዚያው ኩዌት ስላለች ቤቷ ትወስዳታለች፣ ሁለት ጓደኞቿም ይገኛሉ። ከዚያ እማዬ ትደውልላታለች፣ ጥቁሩን እንደለበሰች።